አባባ ያበላሸው ፎቶ

ጥር 21

አባባ ፎቶ አበላሸ! ተንቀሳቅሶ አበላሸው፤ ያውም በግራ እጁ።

በል አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። እንዴት ሰነበትክ ነፋሱ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ያ ጣሪያው ሲንኳኳ የሚያድረው ክፍል ተቀየረልህ ወይስ አሁንም ጆሮህን በፎጣ ጠቅልለህ ነው የምትተኛው? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ደህና ነን ስልህ ለወጉ ያህል አይደለም። እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ ግማሹን እየዋጥኩ ነበር፤ ዛሬ ግን የምውጠው የለኝም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። የእናንተ የመንገድ ሥራ ካምፕ ስልክ ግማሹን ቃል ይበላዋል። ደግሞ ፎቶ ቤቱንና አባባ የሚተኛበትን ክፍል የሚለየው ያው መጋረጃ ነው፤ እኔ ስልክ ላይ የተነፈስኩት ሁሉ እሱ ጆሮ ይገባል። ይሄን ደግሞ ገና አልሰማም። ስለዚህ ሹፌራችሁ ዕቃ ሊጭን ሲመጣ ይዞልህ እንዲሄድ ከነፎቶው አሽጌዋለሁ።

ባለፈው “የደበቅሽኝ ነገር አለ፣ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል” ላልከው፣ አዎ ነበረ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ እግሩ እየጸና፣ ንግግሩም እየተመለሰ ነው ያልኩህ እውነት ነው። ስለ ግራ እጁ ዝም ያልኩህ የሚወራ ስላልነበረ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ትመጣለች፣ ታሽለታለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታጥፍና ትዘረጋለች፣ “እስቲ አባቴ፣ ይህቺን ጣት እርስዎ ራስዎ” ትለዋለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። “የኔ አይደለችም” ይላታል። እጁን እኮ ነው! ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ አስቀምጧት ይውላል እንጂ አያያትም። ብትነካት አይሰማውም፣ አድርግባት የተባለውን ሁሉ አላደርግም ይላል።

ባለፈው ስትወጣ በር ላይ ለብቻዬ አቁማ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ምርመራ ትንሽ እንኳን እንቅስቃሴ ካላየች የእጁን ሥራ ትታ በአንድ እጅ መኖርን ልታስተምረው ነው። አባባ ለካ ሰምቷል። ስገባ፣ ካሜራዎቹን ለሚፈልግ ስጪ፣ ፎቶ ቤቱንም ዝጊው፣ በአንድ እጅ ሌንስ የሚያዞር የለም አለኝ። ሄጄ ሳህን አጠብኩ። የታጠበ ሳህን ነበር።

ያወጣን አንተ ያስለመድከኝ ነገር ነው። የካሜራውን መዝጊያ፣ ሻተሩን፣ ከፍተሽ አቆዪው፣ የቆመው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ የተንቀሳቀሰው ይቀልጣል ብለህ ከጻፍክልኝ ጀምሮ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩን በአንድ ሰከንድ አነሳሁት፤ መቀሱ ጠፍቶ እጁ የዶሮ ክንፍ መስሎ ወጣ። ወስዶ መስተዋቱ ላይ ለጠፈው፣ “ፍጥነቴን እዩልኝ” እያለ ለደንበኛ ያሳያል። በብስክሌት ዳቦ የሚያመላልሰውን ደግሞ እንዳልከኝ ካሜራዬን አብሬው እያዞርኩ ላነሳው ብዬ፣ ዞሬ ዞሬ የራሳችንን በር በግንባሬ መታሁት። ብስክሌቱ ግን ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ግድግዳ በአግድም የሚዘንብ ዝናብ መስሏል፤ ከግንባሬ እብጠት ይበልጣል።

አባባ እነዚህን ሁሉ “ብልሽት” ነው የሚላቸው። ታውቀው የለ። አንተንስ ነፋሱ ያሰኘህ ይኸው አይደል? የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሁላችን በሥርዓት ቆመን አንተ ብቻ ጭስ ሆነህ ስለምትወጣ። አድገህ ደግሞ ጭሱን ሆነ ብለህ ማንሳት ጀመርክና እሱ “ልጄ ብልሽት ይሸጣል” አለ፤ አንተም ሻንጣህን አነሳህ። ይሄን የማነሳው ለነገር አይደለም።

እና መስኮቱ ጋ ያለው መጋረጃ በነፋስ ሲውለበለብ ሳየው፣ አባባ ወንበሩ ላይ ቁልጭ ብሎ፣ መጋረጃው ከአጠገቡ እንደ ወንዝ ሲፈስ ላነሳ ፈለግኩ። ዝም ብለህ ተቀመጥልኝ ስለው ደስ ሳይለው እሺ አለ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሱ እንጀራው ነው። ክፍሉን አጨለምኩት፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብኩት፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አስሬ ሰላሳ ሰከንድ ሞላሁለት። መሀል ላይ ከወዲያ ደንበኛ ተጣራ። “አለቀ አባባ” ብዬው እየሮጥኩ ወጣሁ። አላለቀም ነበር።

ተመልሼ ሳየው መጋረጃው እንዳሰብኩት ፈሷል። ቀኝ እጁ ዓይኑን ሊያሽ ተነስቶ ሄዷል፤ እሱስ ጤነኛው ነው። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቁልጭ ብሏል። የግራ እጁን ስመለከት ግን ሦስቱ ጣቶች ጭስ ናቸው። የወንበሩ ክንድ እንጨት በጣቶቹ ውስጥ ያልፋል! እያቸው፣ ልኬልሃለሁ። ካሜራውን ይዤ ወጥቼ ደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ደንበኛውም ግራ ገብቶት ቆመ።

ለአክስታችን ትንፍሽ እንዳትል። እሷ ከሰማች ሬዲዮ አያስፈልግም። ለአባባም ገና አላሳየሁትም። መጀመሪያ አንተ ፍረድልኝ።

ስለ ራስህ የጠየቅከኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ

ጥር 28

እትዬ፣ እንደምን አለሽ? ጉንፋኑ ለቆኛል፣ ጣሪያው አለቀቀኝም።

ፎቶውን ካምፑ ውስጥ ብርሃን ባለበት ሁሉ ይዤው ዞርኩ። ደስታሽን ላደፈርስብሽ አልፈልግም፤ ግን ስታንዱ ጣውላ ወለል ላይ ነው የቆመው፣ አንቺም ሮጠሽ ነው የወጣሽው። ብርጭቆው ጥርት ማለቱ ጥሩ ነው፣ ስታንዱ አልተነቃነቀም ማለት ነው። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ቀኝ እጁን ሲያነሳ ትከሻው ግራውን ጎትቶት ቢሆንስ? የተጎተተ እጅም ፎቶ ላይ ጭስ ይሆናል።

ስለዚህ ደግመሽ አንሺው። ሰላሳ ሰከንድ ብዙ ነው፣ አሥር ይበቃል። እጁ ሥር ጠቆር ያለ ጨርቅ አድርጊ፣ ጣቱ ጎልቶ ይታይሻል። እርግጠኛ እስክትሆኚ ለሱ አታሳዪው። በማይሆን ነገር ተስፋ ሰጥተን መልሰን ከምንነጥቀው ባያውቅ ይሻለዋል።

አለመምጣቴን በተመለከተ የጻፍሽው ነገር የለም፣ ዝም ማለትሽ ግን ተሰምቶኛል። ፈቃድ ከጠየቅኩ ይሰጡኛል። መጥቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞርብኝስ?

ስለ ራሴ የጠየቅኩሽን ተይው። አልጠየቅኩሽም።

ወንድምሽ

የካቲት 9

ነፋሱ፣ እንደምን ከርመሃል? ሹፌራችሁ ትንሽ ይጠብቃል ብዬ ነበር፣ ትቶኝ ሄዶ ደብዳቤዬ ሰነበተ፤ ስለዚህ ረዘመ። ይቅርታ አልልህም፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጨርቁን አደረግኩ፣ አሥር ሰከንድ ሞላሁ፣ እንዳልከኝ ሁሉንም አደረግኩ። ምን ሆነ መሰለህ? ድንጋይ። ጠዋት ባነሳው ድንጋይ፣ ከምሳ በኋላ ባነሳው ድንጋይ። ግራ እጁ ብቻ መቼ ሆነና፣ ቅንድቡ እንኳን አይንቀሳቀስም! መጋረጃው ሲጨፍር፣ አባባ ከመሀሉ ተቀርጾ የተተከለ ሐውልት ሆኖ ይወጣል። ተስፋዬ ውልቅ አለ። የትከሻ ነገር ያልከው እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የጃጃልኩት ብዬ ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሳስበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሰው እያስቆመ “አትተንፍሱ” ሲል የኖረ ነው። ሌንስ ፊቱ ሲደቀን መተንፈስ ይተዋል! ካሜራውን በሻሽ ሸፈንኩት፤ ድምፁን ያውቀዋል። ደንበኛ እንደማነሳ ሆኜ ከመጋረጃው ወዲህ አስቀመጥኩት፤ “ብርሃኑ ከኋላሽ ነው፣ ዙሪ” ብሎ ከዚያው አረመኝ። እሱን ደብቆ ማንሳት ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው።

ከዚያ በቀደም ደንበኛ ላይ ሆኜ ገባኝ። አንዲት ሴትዮ ለመታወቂያ ልትነሳ መጥታ፣ ትከሻዋን ሰቅላ፣ ከንፈሯን ጨምቃ ቁጭ ብላለች። ጨረስኩና “አለቀ” አልኳት። ሰውነቷ ሁሉ እንደ ተፈታ ሸክም ወረደ። ያኔ ከወዲያ የአባባ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እሱም ወረደ! “አለቀ” የተባለው ለሷ፣ የወረደው እሱ። የመጀመሪያው ቀንም እኮ “አለቀ” ብዬው ነበር፣ ካሜራው ግን ክፍት ነበር።

ወዲያው ገብቼ አስቀመጥኩት። ሻተሩን ከፈትኩት። ድንጋይ ሆነ። ወዲያው “አለቀ አባባ፣ አመሰግናለሁ” ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ካሜራውን ግን አልነካሁትም። ሳየው ሦስቱ ጣቶች! ደገምኩት፣ አሁንም ሦስቱ ጣቶች። በሦስተኛው ትንሿ ጣት ጨርቁ ላይ ቅስት ሠርታ ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በፎጣ ይዤ ሳቅኩ።

አታሳዪው ብለኸኝ ነበር። አላሳየሁትም፣ እሱ ነው የያዘኝ። ምንድን ነው ጠዋት ማታ የምታነሺኝ፣ አምጪና ልየው አለ። አትሜ ሰጠሁት። አጉሊ መነጽሩን አስመጣኝ፤ ከታመመ ወዲህ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ናት። በቀኝ እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየና፣ ስታንዱን ነቅንቀሻል አለኝ። ብርጭቆውን አየ። “ብርጭቆው ልክ ነው” አለ ለራሱ። እንግዲህ ትከሻዬ ጎትቶት ነው አለ። ቃል በቃል! አንተ የጻፍከውን! ካንተ ጋር ከልጅነትህ ጀምሮ የሚጣላው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተቀምጣችሁ ነው።

እኔም እንዳንተው ፈርቼ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አላነሳም። ዝቅ አደረገው፣ ጠጋ አደረገው። ሰዓቱን በግራ እጁ እንደሚያስር ታውቃለህ፤ ያቺ እጅ ሞታለች እያለ እንኳን ሰዓቱን ከሷ ላይ አላስፈታም። መነጽሩ እዚያ ላይ ቆመ።

“የሰዓቱ ቁጥር ይነበባል” አለ።

ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ አንተ ገና ስታነበው ይገባሃል። ትከሻው ቢጎትተው ሰዓቱም አብሮ ይጎተት ነበር። ክንዱ አልተንቀሳቀሰም፣ የተንቀሳቀሱት ጣቶቹ ብቻ ናቸው።

መነጽሩን አስቀመጠ። ያቺን ስንት ጊዜ ፊቱን ያዞረባትን እጁን ከጭኑ ላይ በቀኙ አነሳና ወደ ብርሃኑ አቀረባት፣ ገለባበጣት፣ ጥፍሯን አየ።

“የኔ ናት” አለ።

እኔም ሄጄ ሳህን አጠብኩ፤ የአሁኑ ቆሻሻ ነበር፣ ግን አላየሁትም፣ ዓይኔ ስለሞላ።

ምርመራው ቀርቧል። ፊዚዮቴራፒስቷ ፎቶ አይታ ሳይሆን በዓይኗ አይታ ነው የምትወስነው። አባባ አሁን በቃህ እስክለው ይለማመዳል፣ ግን አድርግ ሲባል እጁ ትደርቃለች። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለ ራስህ አልጠየቅኩሽም ያልከውን አንብቤዋለሁ። እኔም አልመለስኩልህም።

እህትህ

የካቲት 15

እትዬ፣

“ትከሻዬ ጎትቶት ነው” የሚለው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፣ የክፍል ጓደኛዬ ምን ነካህ አለኝ። ሰዓቱ ጋ ስደርስ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። የመንገድ መዳመጫው ሮለር አስፋልቱን ሲዳምጥ ሠራተኞቹ ዙሪያውን ሲሯሯጡ ነው፤ ሁሉም ቀልጠዋል፣ አካፋውን ተደግፎ የቆመው ሽማግሌ ብቻ ጥርት ብሏል። ላንቺ ነው የላክሁት። ለሌላ ሰው ማሳየት አለማሳየቱ ያንቺ ፈንታ ነው።

ምርመራው እንዳለቀ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን አትዋጪብኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 12

አልዋጥኩም፣ ይኸው ልተፋልህ ነው፤ ጥሩ ነው! ሰላምታው ይቆይ።

ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች። አባባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ እንደ ሙሽራ ይጠብቃታል። እሷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አመቻቸች፣ “እስቲ አባቴ” አለች። ምን ልበልህ፣ ድንጋይ! ዓይኗን እጁ ላይ ተክላ ስታየው ልክ እንደ ሌንስ ሆነችበት። ላብ በግንባሩ ወረደ፣ ጣቱ ግን ወይ ፍንክች። ጊዜ ሰጠችው። ደግማ ጠየቀችው። ፎቶዎቹን አሳየኋት፤ አየቻቸው፣ ደስ ይላሉ አለች፣ ግን እኔ ማየት ያለብኝ እዚህ ነው አለች፣ እውነቷን ነው። እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሲል አየሁት።

እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ መጋረጃው ጋ ሄጄ ለደንበኛ እንደምለው አድርጌ “አለቀ አባባ” አልኩ።

ትከሻው ወረደ። ትንፋሹ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው እጁም ሦስቱን ጣት ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገች፣ መልሳም አስቀመጠች። ፊዚዮቴራፒስቷ ቦርሳዋን ግማሽ ዘግታ እንደያዘች ቀረች። እሱ ራሱም እያያት ነበር። ከዚያ እያያት ደገማት! አይቶ፣ አስቦ፣ ራሱ።

“እኔ ልጨርስ ነበር የመጣሁት” አለች ቦርሳዋን መልሳ እየከፈተች፣ “ለካ ዛሬ ነው የምንጀምረው።”

በር ላይ ስሸኛት ደግሞ ያንን ቃል ከየት አመጣሽው ብላ ጠየቀችኝ። የቤታችን ነው አልኳት። አሁን እሷም ሥራ ስታሠራው መሀል ላይ “አለቀ” እያለች ታታልለዋለች፤ እሱም እየተታለለ መሆኑን እያወቀ ይታለልላታል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን አታውቀውም። ጠዋት የጣት ልምምዱን ከጨረሰ በኋላ እጁን ፎቶ ያስነሳኛል፣ ግን እንደ በሽተኛ አይደለም፣ እንደ ባለሙያ ነው። ስንት ሰከንድ ላይ ላድርገው ስለው ያስባል። መጀመሪያ አሥር ሰከንድ ካልከፈትን ጭሱ አይወጣም ነበር። ከዚያ በሁለት ሰከንድ ወጣ። ዛሬ ጠዋት በግማሽ ሰከንድ አነሳሁትና አውራ ጣቱም ጭምር ቀለጠ። በዚያች አጭር ጊዜ ያን ያህል ሄዳለች ማለት ነው። እሱ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አስለጥፎኝ፣ “ይቺ ደህና ተበላሽታለች፣ ያቺ ገና ነች” ይላል። ሰውየው ብልሽት መምረጥ ጀምሯል! ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ አየና፣ ከኔ ይፈጥናሉ ብሎ ቀንቶ ሄደ። ካሜራዎቹን ለሚፈልግ ስጪ ስላለው ነገር ቃል የሚተነፍስ የለም፤ ሌንሶቹን እያስወለወለኝ ነው።

አሁን ስላንተ። አልጠየቅኩሽም ያልከውን ነገር ማለቴ ነው፣ አባባ ስሜን ያነሳል ወይ ላልከው። እውነቱን ከፈለግክ አያነሳም ነበር፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ። ያንን የሮለር ፎቶህን ግን የራሱ ፎቶዎች መሀል ለጥፌ ምንም ሳልል ተውኩት። ቀኑን ሙሉ አላየውም። በማግስቱም አላየውም። በሦስተኛው ቀን አጉሊ መነጽሩን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ግራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጊልኝ አለ። እኔ ደንበኛ ላይ ነበርኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ጠራኝ።

“ይሄን በስንት ነው ያነሳው?”

ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። አላውቅም አልኩት። “ጠይቂዋ” አለኝ። ደግሞም፣ ሽማግሌውን እንዴት አድርጎ ነው ያስቆመው አለ። አንተ ታውቀዋለህ፣ አባባ የማንንም ፎቶ አይቶ በስንት ተነሳ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ብልሽት ከሆነማ በስንት ቢበላሽ ምን ይገደዋል? ደንበኛዬን ትቼ ሳህን ልጠብ ብዬ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ሳህኑ በዝቷል፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ደንበኛው መሀረብ ሰጠኝ።

በደብዳቤ እንዳትመልስለት። መልሱን አንተው ይዘህ ና። ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞርም፣ ግድግዳው ላይ ያንተ ፎቶ ነው ያለው።

አክስታችን ሰምታለች፣ እኔ አይደለሁም የነገርኳት፤ እሺ፣ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሉም ሰው አውቋል። የቤተሰብ ፎቶ እንነሳለን። አባባ ራሱ ነው ያሰበው። ካሜራው ስታንዱ ላይ ይሆናል፣ በሽቦ ተያይዞ ከሩቅ የሚያነሳውን መጫኛ እሱ በግራ አውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከአሁኑ ባዶ ካሜራ ላይ እየተለማመደ ነው፣ ግማሹን ጊዜ ይገባለታል፣ ግማሹን ይሳደባል። ሻተሩ ሁለት ሰከንድ ይከፈታል። እኔ፣ ከእንግዲህ ሰው ዝም ብሎ ይቁም ትለናለህ አይደል ብዬ ብተርበው፣ ቀና ብሎ አየኝና፣ መቆም የሚፈልግ ይቁም፣ ያ ነፋስ ግን እንዳይቆም አለኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ትመጣለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ አክስታችን ካሁኑ ቀሚስ መርጣለች። ሹፌራችሁንም ይዘኸው ና፣ ደብዳቤ ሲያመላልስ የከረመ ሰው ነው። የመስኮቱ ብርሃን የሚያምረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ በስምንት ሰዓት እዚህ ሁኑ፣ ማንም እንዳይቀር፤ እሁድ፣ መጋቢት 25።

እህትህ